ለሩጫ፣ ለቅርጫት ኳስና ለክብደት አንድ ጫማ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ 82 ኪሎ እመዝናለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አምስት አምስት ኪሎ ሜትር በአስፋልት ላይ እሮጣለሁ። ሁለት ቀን ጂም ገብቼ ክብደት አነሳለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። ለሁሉም የማደርገው ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁትን አንድ የሩጫ ጫማ ነው። ባለፉት ስድስት ወራት ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ጊዜ ወለም ብሎኛል፤ ሁለቱም ጊዜ ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ከሩጫ በኋላም ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ሻጩ እግሬን አይቶ ‹እግርህ ጠፍጣፋ ነው፤ ወደ ውስጥ ስለሚዘነብል የሚያቀናው ጫማ ያስፈልግሃል› አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ፣ ካርቦን ያለበት ጫማ እንድገዛ ይመክረኛል። ሌላው ደግሞ ‹አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?› ይለኛል። ለሁሉም የሚሆነው ጥሩ ጫማ የቱ ነው?»

ምላሽ፦ ለሁሉም የሚሆን ጫማ የለም። በእርስዎ ሁኔታ እንዲያውም አንዱን ጫማ ለሁሉም ማድረጉ ራሱ የችግሩ አካል ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፤ የቁርጭምጭሚቱ ወለምታ፣ የጉልበቱ ሕመምና ሻጩ የነገረዎት የእግር ቅርጽ። የመጀመሪያው ከጫማው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሁለተኛው በከፊል ይገናኛል። ሦስተኛውን ግን ሻጩ ካሰበው በላይ አክብዶታል።

የስፖርት ጫማ ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ ሰውነትዎ በየት አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሩጫ ወደ ፊት ብቻ ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር ከሰውነት ክብደት ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይቀበላል፤ ለእርስዎ ይህ ከ160 እስከ 250 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በአንድ ጠዋት ሩጫ ያው እርምጃ በያው አቅጣጫ በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። የሩጫ ጫማም የሚሠራው ይህንኑ ድግግሞሽ እንዲያቀል ነው። ከእግር ሥር ወፍራም ፎም (እንደ ስፖንጅ ያለ ለስላሳ ነገር) አለው፣ ከላይ አየር የሚያስገባ ስስ ጨርቅ፣ ከፊት በቀላሉ የሚታጠፍ ወይም ወደ ላይ ቀና ያለ ጫፍ። ክብደቱም ቀላል እንዲሆን ይፈለጋል፤ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራልና። አምራቾች ይህን ክብደት ለማቅለል የሚቀንሱት በአብዛኛው ከጫማው ጎን ነው። ወደ ፊት ብቻ ለሚሮጥ ሰው የጎን ድጋፍ ያን ያህል አያስፈልገውም።

ቅርጫት ኳስ ግን ግማሹ ወደ ጎን የሚደረግ ነው። ሮጠው ድንገት ይቆማሉ፣ በአንድ እግር ዞረው አቅጣጫ ይቀይራሉ፣ ዘለው ይወርዳሉ፤ አንዳንዴም የሚያርፉት በሌላ ተጫዋች እግር ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የሩጫ ጫማዎ በሦስት በኩል ይከዳዎታል። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ቁርጭምጭሚትዎ ከመሬት ከፍ ብሏል፤ እግርዎ በውጭ ጠርዙ ላይ ሲዘነብል ያ ከፍታ የሚያጣምመውን ኃይል ያበረታዋል። ፎሙ ለስላሳ ስለሆነ ክብደትዎ ያረፈበት የውጭ ጠርዝ ይሰምጣል፤ በዚህም ጫማው ራሱ እግርዎን ወለምታ ወዳለበት አቅጣጫ ያዘነብለዋል። የላዩ ጨርቅ ስስ ስለሆነ ደግሞ እግርዎ በሶሉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለቱም ወለምታዎች በሩጫ ሳይሆን በጨዋታ ላይ የደረሱት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ለቅርጫት ኳስ የተሠራ ጫማ ሶሉ መጠነኛ ከፍታ ያለውና ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ስፋት ሰፊ ነው፤ በተለይ ከፊት በውጭ በኩል ሶሉ ከእግሩ አልፎ ወጣ ይላል። ጠርዙ በእጅ ሲጫኑት አይሰምጥም። ጎኑ ከፍ ብሎ እግሩን ያቅፋል። የሥሩ ጎማ የዓሣ አጥንት በሚመስል መስመር የተቀረጸ በመሆኑ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ወለሉን ይይዛል። ከሩጫ ጫማ ይከብዳል፤ ክብደቱ የመጣው እርስዎ አሁን ካጡት የጎን ድጋፍ ነው።

ክብደት ማንሳት ከሁለቱም ይለያል። እዚያ እግር ከመሬት አይላቀቅም፤ ሊቀበለው የሚገባ የመውደቅ ኃይልም የለም። የሚፈለገው የማይናወጥ መሠረት ብቻ ነው። ባለ ወፍራም ፎም ጫማ አድርገው ብረት ተሸክመው ቁጢጥ ሲሉ ፎሙ ከሥርዎ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሰምጣል፤ ጉልበትና ዳሌም ያንን ለማቃናት ሲታገሉ ይውላሉ። ክብደት አንሺዎች የሚያደርጉት ልዩ ጫማ ሶሉ እንደ እንጨት የጠነከረና ተረከዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ከፍታው ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ልብ የማይታጠፍላቸው ሰዎች ጥልቅ ብለው እንዲወርዱ ያግዛል። ብረቱን ከመሬት ሲያነሱ ግን ከፍታው አይጠቅምም፤ ጠፍጣፋና ስስ ሶል ይሻላል። በሳምንት ሁለት ቀን ለጤናው የሚሠራ ሰው ግን ይህን ልዩ ጫማ መግዛት አያስፈልገውም። ሶሉ ጠንከር ያለ የቅርጫት ኳስ ጫማ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቁርጭምጭሚቱ ልመለስ፤ ከጠየቁኝ ሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ጫማ መቀየሩ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አያድንዎትም። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ወለም እንደሚለው አስቀድሞ ከሚጠቁሙ ነገሮች ዋናው ከዚህ በፊት ወለም ብሎት ማወቁ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ የሚጎዳው ጅማቱ ብቻ አይደለም፤ እግሩ በየትኛው ማዕዘን ላይ እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው የስሜት ሥርዓትም ይደነዝዛል። እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ሄዶ፣ ይህ ስሜት ገና ሳይመለስ ሰውየው ወደ ሜዳ ይገባል። በሥራዬ የማያቸው አብዛኞቹ ተደጋጋሚ ወለምታዎች ታሪካቸው ይኸው ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ማለት።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲደርስበት ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ረጅም ጫማ ይገዛል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ጥናቶች ግን ረጅሙ ጫማ ከአጭሩ ይልቅ ወለምታን እንደሚቀንስ ወጥ በሆነ መልኩ አላሳዩም። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ጨርቅ ሙሉ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ይተጣጠፋል። ረጅሙን ከወደዱት ይግዙት፤ እንደ መከላከያ ግን አይቁጠሩት። ቀደም ሲል ወለም ባላቸው ሰዎች ላይ ጥቅማቸው በተደጋጋሚ የታየው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በማሰሪያ የሚጠብቅ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ወይም በአግባቡ የተጠመጠመ የስፖርት ፕላስተር፣ ሁለተኛው ደግሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ነው። ልምምዱ ቀላል ነው። ባዶ እግርዎን ሆነው በቀኝ እግር ብቻ 30 ሰከንድ ይቆማሉ፤ ይህ ሲቀልዎት ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከዚያም ትራስ ላይ ቆመው ይደግሙታል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል። አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ታካሚዎቼ ከምሰጣቸው ልምምድ ሁሉ ቀድመው የሚተዉት ይህን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወደፊት እንደገና ወለም ካለዎትና አራት እርምጃ እንኳን መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጉብታ አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው ወይም በጫፋቸው ላይ ሲጫኑ የሚያምዎት ከሆነ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ይነሡ። በማሸት አይጀምሩ።

ስለ ጠፍጣፋ እግር የተነገረዎት የቆየ እምነት ነው፤ ሻጩ ክፉ አስቦ ያለዎት አይመስለኝም። ለብዙ ዓመታት ገበያው እግርን በሦስት ሲከፍል ኖሯል፤ ቅስቱ (ከእግር ሥር በውስጥ በኩል ያለው ጎድጓዳ) ከፍ ያለ፣ መካከለኛና ጠፍጣፋ። ለእያንዳንዱም የራሱ ጫማ ተመድቦለት ነበር። በእርጥብ እግር ወረቀት ላይ ቆሞ ዱካን ማየት የዚህ አመዳደብ መሣሪያ ነው። ነገሩ የሚፈርሰው ከመነሻው ነው። እግር መሬት ሲነካ ትንሽ ወደ ውስጥ መዘንበሉ በሽታ አይደለም፤ ኃይልን የሚያበርድበት የተፈጥሮ መንገዱ ነው። ቆሞ የታየ እግር ደግሞ ሲሮጥ ስለሚያደርገው ብዙ አይናገርም። በአሜሪካ የጦር ኃይል ምልምሎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደ ቅስታቸው ቅርጽ ጫማ የተመረጠላቸው ወታደሮች ያለ ምርጫ አንድ ዓይነት ጫማ ከተሰጣቸው ያነሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። በዴንማርክም ከ900 በላይ ጀማሪ ሯጮች ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ምንም ማቀኛ የሌለው ጫማ ተሰጥቷቸው ለአንድ ዓመት ሲታዩ፣ እግራቸው መጠነኛ ወደ ውስጥ የሚዘነብል ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም።

ይህ ማለት ጠፍጣፋ እግር ሁሉ ችላ ይባል ማለት አይደለም። በእግር ጣቶችዎ ጫፍ ይቁሙና ከኋላ ሰው ይይዎት፤ ቅስቱ ብቅ ካለና ተረከዝዎ ወደ ውስጥ ከዞረ እግርዎ የሚታጠፍና ጤነኛ ነው። ቅስቱ ፈጽሞ የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ያልነበረ ጠፍጣፋነት በአንድ እግር ብቻ ከመጣ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ሕመምና እብጠት ካለ፣ ሐኪም እንዲያየው ያድርጉ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ «የሚያቀና» የተባለውን ጫማ የሚገዙት ሲያደርጉት ከሌላው የበለጠ ከተመቸዎት ብቻ ነው።

የጉልበቱ ነገር። ከጉልበት ሎሚ ዙሪያ ከፊት በኩል የሚሰማ፣ ከሩጫ በኋላና ደረጃ ሲወርዱ የሚብስ ሕመም በሯጮች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ የተለመደው ነው። ዋና ምንጩ ጉልበቱ ከሚችለው በላይ ጫና በአጭር ጊዜ መጨመሩ ነው፤ ርቀት፣ ፍጥነት ወይም ዳገት ቁልቁለት። በእርስዎ ላይ ግን ጫማውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ለሁለት ዓመት ማለት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የቅዳሜው ጨዋታና የጂሙ ሳይቆጠር። የሩጫ ጫማ ፎም በተለምዶ የሚሰጠው ዕድሜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ እንደ ሯጩ ክብደት፣ እንደ መንገዱና እንደ ፎሙ ዓይነት ይለያያል። የእርስዎ ጫማ ግን በየትኛውም ስሌት ዕድሜው አልቋል። የሥሩ ጎማ ገና ደህና መምሰሉ አያታልልዎት። ቀድሞ የሚደክመው መሃል ያለው ፎም ነው፤ ምልክቱም በጎኑ ላይ የሚታዩ የተጨማደዱ መስመሮችና ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ አንድ በኩል ማዘንበሉ ነው።

አዲስ ጫማ ሲገዙ የተረከዙና የፊቱ ከፍታ ልዩነት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 12 ባለው ውስጥ ነው። ልዩነቱ ሲያንስ ጫናው ከጉልበት ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይሸጋገራል፤ ሲበዛ ደግሞ ወደ ጉልበቱ ያጋድላል። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ዜሮ ልግዛ» እንዳይሉ። ለዓመታት ከ10 ሚሊ ሜትር ጋር የኖረ የተረከዝ ጅማት በአንድ ሳምንት ወደ ዜሮ ሲወርድ ይቆጣል፤ የጅማት ቁጣ ደግሞ እስኪበርድ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለእርስዎ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው ደህና ነው። ከጫማ ይልቅ ጉልበቱን በፍጥነት የሚያቀልለት ሌላ ነገር አለ። በያው ፍጥነት እየሮጡ የእርምጃዎን ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር፣ ማለትም አጠር አጠር አድርጎ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ነው። ይህ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በሚለካ መጠን ይቀንሳል፤ ወጪም የለውም።

ወፍራም፣ ለስላሳና ካርቦን ያለበት ጫማ እንዲገዙ የመከሩዎት ጓደኛዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ልስላሴን በተመለከተ ክርክሩ አላለቀም፤ ሆኖም በሉክሰምበርግ ከ800 በላይ ሯጮች ላይ የተደረገ ሙከራ ለስላሳ ሶል ያደረጉት በአጠቃላይ ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጥቅሙ የታየው ክብደታቸው ቀለል ባሉት ሯጮች ላይ ነው፤ ከበድ ባሉት ላይ በጠንካራውና በለስላሳው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የወንዶቹ መለያ 78 ኪሎ ገደማ ነበርና እርስዎ ከበድ ካሉት ወገን ነዎት። «ከባድ ሰው ለስላሳ ይፈልጋል» የሚለው ምክር እንዲህ በቀላሉ የሚቆም አይደለም። በጣት ተጭኖ «እንዴት ይሰምጣል!» ማለትም መለኪያ አይሆንም። አካል ለስላሳ ነገር ሲረግጥ እግሩን ያጠነክራል፤ ስለዚህ በጣት የሚሰማው ልስላሴ ሁሉ ወደ ጉልበት እፎይታ አይቀየርም።

በሶሉ ውስጥ የሚገባው የካርቦን ዝርግ ደግሞ የተሠራው ጉዳት ለመከላከል አይደለም፤ ሰዓት ለማሻሻል ነው። ቀላልና እንደ ስፕሪንግ ከሚነጥር ፎም ጋር ተጣምሮ ፈጣን ሯጭ የሚያወጣውን ጉልበት በላቦራቶሪ በ4 በመቶ ገደማ የቀነሰ ንድፍ ከ2017 ወዲህ የማራቶንን ገጽታ ለውጦታል። ከዚያ በኋላ የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ደንቡ የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊው ሯጭ ደራራ ሁሪሳ ነው፤ በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ቢጨርስም የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዞበታል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትሮጥ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ነበር፤ አምራቹ ራሱ ያሰበው ለአንድ ማራቶንና ጫማውን ለመላመድ ያህል እንዲያገለግል ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት ለሚሮጥ ሰው እንዲህ ያለው ጫማ ምን ይሠራለታል? ሶሉ ከፍ ያለና ጠባብ፣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዝርጉም የቁርጭምጭሚትንና የጣቶችን የተለመደ ሥራ ይቀይራል። ቀድሞ ወለም ባለ እግር ይህን አድርገው ቅርጫት ኳስ ከተጫወቱ ደግሞ ሦስተኛውን ወለምታ ጋብዘውታል ማለት ነው።

ስለ አበበ ቢቂላ የተነገረዎት እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ቀርቷል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2:15:16 በሆነ ሰዓት አሸነፈ። በባዶ እግር መሮጥን የለመደ ሰው ነበር፤ የቀረበለት ጫማም አልተስማማውም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2:12:11 የራሱን የኦሊምፒክ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ከዚህ ታሪክ መውሰድ ካለብዎት፣ የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር የባሰ መሆኑንና እግር የሚችለው የለመደውን መሆኑን ይውሰዱ። ከልጅነትዎ ጀምሮ ጫማ ላይ የኖረ እግር በአስፋልት ላይ ድንገት ባዶውን ሲሮጥ ቅድሚያ የሚጎዱት የመሃል እግር አጥንቶችና የባት ጡንቻዎች ናቸው።

እንግዲህ ስለ ልክ። ይህ ክፍል ከፎም፣ ከካርቦንና ከቅስት ሁሉ ይበልጣል፤ ሰው ግን ቶሎ የሚያልፈው ይህን ነው። ጫማ የሚለካው ወደ ማታ ነው፤ እግር በቀን ውሎ ትንሽ ያብጣል፣ በሩጫም እንዲሁ። ለስፖርት የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነውና የሚገዛው በትልቁ ልክ ነው። ቆመው ሳሉ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ በብዙ ሰው ሁለተኛው ነው። ከሩጫ በኋላ የሚጠቁር ጥፍር በአብዛኛው ይህች ባዶ ቦታ መጥፋቷን ይመሰክራል።

በቁጥር አይመሩ። የአውሮፓ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲራመድ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ 8.5 ያህል ይራመዳል፤ ስለዚህ አንዱ ወደ ሌላው በትክክል አይመነዘርም። በዚያ ላይ አምራቾቹ ጫማውን የሚሠሩበት የእግር ቅርጽ ይለያያል። በጫማው ምላስ ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ካለ ከሁሉ ይሻላል፤ ጫማው የታሰበለትን እግር ርዝመት ያመለክታልና። የእርስዎን ለማወቅ ተረከዝዎን ግድግዳ አስነክተው ወረቀት ላይ ይቁሙና ረጅሙ ጣት ያረፈበትን ያመልክቱ። ስፋቱን ለማየት ደግሞ የውስጡን ገበር አውጥተው ይቁሙበት፤ እግርዎ ከገበሩ ጠርዝ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። ብዙ ሰው ጠባቡን በርዝመት ሊያካክስ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ይህ ስሕተት ነው፤ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ከእግሩ መታጠፊያ ጋር መገናኘቱ ይቀራል። የሚሻለው ያንኑ ርዝመት በሰፊ ስፋት መጠየቅ ነው። ተረከዝዎ ብቻ ከተንሸራተተ ግን ጫማውን አይመልሱ፤ ማሰሪያውን በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል በያለበት ወገን ቀለበት አድርገው፣ ተቃራኒውን ጫፍ በቀለበቱ አሾልከው ይሳቡት። ብዙውን ጊዜ ይይዛል።

«ሲለብሱት ይሰፋል» የሚለውን አይቀበሉ። ያ የቆዳ ጫማ ዘመን አነጋገር ነው። የዛሬው የስፖርት ጫማ መደብሩ ውስጥ ከቆረቆረ መንገድ ላይም ይቆረቁራል። ስለዚህ ያድርጉት፣ ይሩጡበት፣ የቅርጫት ኳሱን ደግሞ በአንድ እግር ወደ ጎን እየዘለሉ ይሞክሩት፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። እግርዎ በሶሉ ላይ ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ሌላ ይጠይቁ። ከጉዳት ጋር በተያያዘ እስከ ዛሬ ያሉት የሩጫ ጫማ ጥናቶች በአብዛኛው ጠንካራ ማስረጃ አይሰጡም፤ በዚህ መሃል ምቾት የተሻለ መሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄያቸው ከዚህ ለሚለይ አንባቢዎች ባጭሩ። ለመራመድ ብቻ ከሆነ ማንኛውም የሚመች የሩጫ ጫማ ይበቃል። ለቴኒስ የጎን ድጋፍ ያለውና ጫፉ በጎማ የተጠናከረ ጫማ ያስፈልጋል፤ እግር ስለሚጎተት ጫፉ ቶሎ ይበላል። እግር ኳስ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ የሚጫወቱ ደግሞ ለተፈጥሮ ሣር የተሠራ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ አያድርጉ። ጥርሱ ሣሩን ነክሶ ሲይዝ እግሩ ይቀራል፣ ሰውነቱ ይዞራል፣ የመጠምዘዙን ዋጋ ጉልበት ይከፍላል። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ምቾትን መመሪያ ማድረግ አይችሉም፤ የቆረቆራቸውን አይሰሙትምና ጫማቸውን ከሐኪም ጋር ሆነው ይምረጡ።

ለእርስዎ የምመክረው ሁለት ጫማ እንዲገዙ ነው። አንዱ የቅርጫት ኳስ ጫማ፤ ረጅምም ይሁን አጭር፣ ጠርዙ የማይሰምጥና መሠረቱ ሰፊ። በጂምም እሱኑ ያድርጉ። ሌላው ማቀኛ የሌለው መደበኛ የሩጫ ጫማ፣ የከፍታ ልዩነቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ያለ ካርቦን። በአንድ ጊዜ ሁለቱን መግዛት ካልቻሉ መጀመሪያ የቅርጫት ኳሱን ይግዙ። በእሱ ጥቂት ሳምንታት አጠር ያለ ርቀት መሮጥ አይመችም እንጂ አያሰጋም፤ በሩጫ ጫማ ቅርጫት ኳስ መጫወት ግን በእርስዎ እግር ያስከተለውን አይተነዋል። የሩጫ ጫማውን ሲያገኙ በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስቱ ሩጫ አንዱን፣ በሁለተኛው ሁለቱን ብቻ ያድርጉበት። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ለመሮጥ አይመለሱበት።

ጉልበቱ በአዲሱ ጫማና በአጫጭር እርምጃ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ካልቀለለው፣ ካበጠ፣ ወይም መሃል ላይ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ጉዳዩ የጫማ አይደለምና ይመርመሩ። ቁርጭምጭሚቱን በተመለከተ ግን ቀጠሮ አልሰጥዎትም። በቀኝ እግርዎ ዓይንዎን ጨፍነው 30 ሰከንድ ሳይወላገዱ መቆም እስኪችሉና ድጋፉን እስኪያገኙ ድረስ የቅዳሜውን ጨዋታ ይተዉት።